ሽማግሌ የተላከበት ሲንክ

ለልጅ ሽማግሌ ይላካል። ለድንበር ይላካል፣ ለተጣላ ባልና ሚስትም ይላካል። ለእጅ መታጠቢያ ሲንክ ሽማግሌ ተላከ ሲባል ግን ፍኖተ ሰላም ላይ ሰምቶ የሚያውቅ የለም፤ ቢኖር ኖሮ ሠርክአዲስ ሳትሰማው አትቀርም ነበር፣ ጆሮዋን እናውቀዋለን!

የመጡት ሁለት ናቸው። አንዱ የነፍስ አባቷ አባ ቴዎፍሎስ፣ ሌላው የሟች አባቷ የማኅበር ጓደኛ አያ ሐብቴ። ከቅዳሴ መልስ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ገብተው ወንበር ቢቀርብላቸው አንቀመጥም አሉ።

«ኧረ በሞቴ! አረፍ በሉ እንጂ አባቶቼ።»

«መጀመሪያ ጉዳያችን ይሰማ» አሉ አባ ቴዎፍሎስ። «ወንዳወቅ ልኮን ነው።»

ሠርክአዲስ ልቧ ድንግጥ አለ። ወንዳወቅ ታናሽ ወንድሟ ነው፤ ቡሬ ያስተምራል። እናትና አባታቸው ከእነሱ ሌላ ልጅ አልተረፈላቸውም። በአባታቸው ተዝካር ዕለት፣ ድንኳኑን ሰው ሞልቶት፣ «አባቱን ሲታመም ያላየ አሁን ቤቱን ሊያይ መጣ» ብላ በአደባባይ ተናገረችው። እሱም የያዘውን ጠላ ሳይጎነጭ አስቀምጦ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ የአባቱን ደጅ አልረገጠም። አስታራቂ ሁለት ጊዜ ቢመጣባት ሁለቱንም ጊዜ መለሰች። በሁለተኛው እንዲያውም ግንፍል ብላ «ከእንግዲህ እርቅ የሚል ቃል ቤቴ ውስጥ የሚያነሣ ሰው፣ ገበዝ ማርያምን፣ ውሃ አላቀምሰውም!» ብላ ማለች። ምላ ሳትጨርስ ቆጫት። ግን ምሎ መመለስ የት አገር ነው የሚያምረው? ወንድሟ እየናፈቃት፣ በገዛ አፏ ታስራ ቁጭ አለች።

«ምን ፈለገ?» አለች ድምጿን አጠንክራ።

«ከአባቴ ቤት አንድ ነገር ይሰጠኝ ይላል።»

ይኸው! አለች በሆዷ። ቤቱን ሊል ነው። እኔስ መች አጣሁት!

አያ ሐብቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ያንን ሲንክ» አሉ።

«ምን?»

«ጓሮ፣ መታጠቢያ ክፍሉ ውስጥ ያለውን። የብረቱን።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

«ቤቱስ?»

«ቤቱን በአፉም አላነሣው።»

ሠርክአዲስ አንዴ አባን፣ አንዴ አያ ሐብቴን አየች። ሁለቱም መሬት መሬት ያያሉ። ለአንድ የዛገ ሲንክ ሁለት ሽበታም፣ አንዱ ቄስ! ሲንክ ብቻ ቢሆን ኖሮ ደውሎ «ላኪልኝ» አይልም? ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

«እስቲ ላስብበት» አለች።

«እስከ ቅዳሜ አስቢበት» አሉ አባ። «ልጄ፣ ከዚህ በኋላ ግን አንመጣም። እሱም ተስፋ ቆርጧል። አሁንም እምቢ ካለችኝ እህት እንደሌለኝ እቆጥረዋለሁ ብሏል፤ በአፉ ነው ያለን።» ይህን ብለው ምንም ሳይቀምሱ ወጡ።

እሷም በቀጥታ ወደ ጓሮ ሄደች። ሲንኩን አባቷ ያመጡት ድሮ፣ ቡሬ የነበረው የመንገድ ሠሪዎች ካምፕ ሲፈርስ ነው፤ በጋሪ። አራት ጎረምሳ ተጋግዞ ነው ያወረደው፤ ባለጋሪው እስኪሞት ድረስ በቅሎዬን ያስገደለኝ እያለ ሲያማቸው ኖሯል። ያኔ ነጭ ነበር አሉ። ዛሬ ግን ነጩ ልባስ እንደ ሽማግሌ ጥርስ ቢጫ ሆኗል። ከቧንቧው ሥር እስከ ውሃ መውረጃው ድረስ ዝገቱ ቀይ መስመር ሠርቷል። ከንፈሩ በአንድ ወገን ተላልጦ ጥቁሩ ብረት ወጥቷል። ከሁለቱ ቧንቧዎች አንዱ ከጠፋ ቆይቶ ቀዳዳው በእንጨት ተወትፏል። እንኳን ሽማግሌ ሊላክበት፣ ልዋጭ ባይ እንኳ አይቶት የሚያልፍ ነገር ነው።

ታዲያ ምን አየበት? ጎንበስ ብላ በእጇ ሆዱን ዳበሰችው። ከሥር ልባስ የለውም፤ ጥቁርና ሻካራ ነው። በአንድ በኩል የማታነባቸው ፊደላትና ቁጥሮች አብጠው ወጥተዋል። ወደ ግድግዳው ባለው ማዕዘን ደግሞ ጣቷ አንድ እብጠት ላይ አረፈ። ጡጫ የሚያህል፣ የተለሰነ፣ እንደ ሌላው ብረት የማይቀዘቅዝ እብጠት።

«ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አለ ስንጥር» አለች ጮክ ብላ።

አባቷ ግምጃ ቤት ጠባቂ ነበሩ። በዚያ በክፉ ዘመን ስንቱ ጠገራ ብሩን ግድግዳ ውስጥ ለስኗል! ወንዳወቅ ደግሞ የአባቱ ምስጢረኛ ነበር። እሷን ሴት ናት ብለው፣ ለእሱ በጆሮው ነግረውት ቢሆንስ? ይህ ሐሳብ ከመጣባት በኋላ እንቅልፍ የለም፣ ምግብ የለም። የገዛ አባቷን ሁሉ ጠረጠረች።

ልጇ ሄቨን ሳቀችባት። «እማዬ፣ አጎቴ እጁን መታጠብ አምሮት ይሆናላ!»

«ቡሬ ላይ መታጠቢያ ጠፍቶ?»

ሄቨን ስልኳን ከፍታ ጎረጎረችና፣ ውጭ አገር እንዲህ ያለ አሮጌ የብረት ሲንክ ፈላጊው ብዙ ነው አለቻት። ቀልዷን ነበር። እናትየው ግን «አየሽ! አየሽ ይኸውልሽ!» ብላ ነጠላዋን አንሥታ ወጣች፤ በያጁን ክንፈሚካኤልን እየጎተተች ተመለሰች።

ክንፈሚካኤል በጣቱ አንኳኳው። «ይሄ ጊዛ ነው» አለ፤ «ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት። እብጠቱ የጥገና ይመስለኛል። ብቻ እንዳትመቱት። ይሄ እንደ ሌላው ብረት አይጎብጥም፤ ከተመታ ይሰነጠቃል።»

«አትምቱት ያልከኝ ለምንድን ነው?»

«ይሰነጠቃል አልኩ እኮ።»

«ወንዳወቅ ደውሎልሃል አይደል? እውነቱን ንገረኝ!»

«ወይ ጉድ!» አለ ክንፈሚካኤል። ወንዳወቅ የሚባል ሰው በስምም አያውቅ። ራሱን እየነቀነቀ ሄደ፤ የመጣበትንም ዋጋ ሳይጠይቅ። አልጠየቀማ! ይህም ለእሷ ሌላ ማስረጃ ሆነ።

ዐርብ ከሰዓት ሄቨን ገበያ እንደወጣች ሠርክአዲስ መዶሻውን አነሣች። ቀስ ብዬ ነው የምነካው አለች። እውነትም የመጀመሪያውን ቀስ አለችው። እብጠቱ አልተነቃነቀም። ሁለተኛውን ትንሽ ጠንከር አደረገችው። ከዚያ ያ ሁሉ ጊዜ የቋጠረችው ንዴት ክንዷ ውስጥ ገባና በሙሉ ኃይሏ አሳረፈችበት።

ሲንኩ እንደ ሰው ጮኸ። ማዕዘኑ ከነከንፈሩ ተገንጥሎ እግሯ ሥር ወደቀ፤ ስንጥቁም እስከ ውሃ መውረጃው ተተረተረ። እብጠቱ ተፈርክሷል። ተንበርክካ በጣቷ ፈተፈተችው። ሲሚንቶ ነበር። አባቷ አንድ ቀን የፈሰሰ ቀዳዳ የደፈኑበት፣ ተራ ሲሚንቶ።

እዚያው እርጥብ መሬት ላይ ቁጭ አለች። እስካሁን ወንድሟ ምን ሊወስድባት እንደሆነ ነበር የምታሰላው። አሁን ግን ወንድሟ ከአባቱ ቤት የለመነውን አንድ ነገር በገዛ እጇ ሰብራለች። ፈራች፤ ከልቧ ፈራች።

ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ መጡና እንደ ቀድሞው ቆሙ።

ጥርጣሬ መቼ በቀላሉ ይለቃል! ሲንኩ ተሰብሮም ባዶ ሆኖም «እሰጣለሁ» አለች፤ «ግን መጀመሪያ እውነቱን ንገሩኝ። ሲንኩ ምን አለበት?»

ሁለቱ ተያዩ። አባ ቴዎፍሎስ መስቀላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩት።

«ምንም የለበትም» አሉ። «አንቺ ያን ቃል እንዳናነሣ ምለሻል። መሐላሽን ልናስፈርስሽ አልፈለግንም። ሽማግሌ ደግሞ የሚጠይቀው ነገር ሳይኖረው ደጅ አይቆምም። ስለዚህ ወንዳወቅን ከዚያ ቤት አንድ ነገር ለምን፣ እሷ ስትፈቅድ አንተም ልታመሰግናት ትገባለህ፣ ከገባህ ደግሞ እህል ሳትቀምስ አትወጣም አልነው። እሱም ሲያስብ ሰንብቶ ሲንኩን አለ።»

«ለምን ሲንኩን?» አለች።

«ከቤቱ ዕቃ ሁሉ የማይረባው እሱ ነው አለ። እሱን እንኳ እምቢ አትለኝም አለ።»

ሠርክአዲስ በሁለት እጇ አፏን ያዘች። «አሁን የት ነው ያለው?»

«ካጥሩ ውጭ ቆሟል። ግባ ካላልሽው አይገባም።»

ፊቷን አዙራ ወደ ጓሮ ሄደች። አያ ሐብቴ ዱላቸውን አነሡ። «አለቀ» አሉ ለአባ በሹክሹክታ፤ «እንሂድ። ይህቺ ልጅ ልቧ ደንድኗል።»

በሩ ላይ ሳይደርሱ ከኋላቸው ሄቨን «እማዬ! ወገብሽን!» እያለች ስትጮኽ ሰሙ። ዞረው ሲያዩ ሠርክአዲስ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራለች። የተገነጠለውን የሲንክ ማዕዘን፣ በዳይ ድንጋይ እንደሚሸከመው፣ ማጅራቷ ላይ ተሸክማ ጎንበስ ብላ ትመጣለች። የዝገቱ ውሃ በአንገቷ እየወረደ ቀሚሷን አቅልሞታል። አያ ሐብቴ በሩን ከፈቱላት።

ወንዳወቅ ከግንቡ ሥር ቆሞ ነበር። ፀጉሩ ሸብቷል፤ መሸበቱን አላወቀችም ነበር። መንገድ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ቆሞ ያያል፤ ባጃጁ ሳይቀር ቆመ።

«እታለም! ምንድን ነው የተሸከምሽው?»

«የለመንከኝን» አለች ቀና ሳትል። «ሰበርሁት። ምን ደብቆበት ይሆን ብዬ ሰበርሁት። በድዬሃለሁ ወንድሜ፤ ያኔም በድዬሃለሁ፣ አሁንም በድዬሃለሁ። ስለ ማርያም ማረኝ።»

ወንዳወቅ ዕንባው እየወረደ ቀርቦ ብረቱን በሁለት እጁ ከማጅራቷ ላይ አነሣላት። ግን አላስቀመጠውም፤ እንደ ሕፃን ደረቱ ላይ አቅፎት ቆመ፣ ነጭ ሸሚዙ በዝገት እየተበላሸ።

«ይከብዳል እኮ» አላት።

«ይከብዳል» አለች። «ና ግባ።»