የበድሪያ ብሩሽ እድሳት

ባሌ ሙሀመድሁሴን ፍቅሩን የገለጸልኝ በሽንት ቤት ብሩሽ ነው። ቃሊቲ ላይ የብሩሽ ማምረቻ ሲከፍት «ስም የሚወጣው በሚወዱት ሰው ነው» ብሎ ምርቱን «በድሪያ» አለው። መቼ አማከረኝ? የሰማሁት የንግድ ምልክቱን አስመዝግቦ፣ የምስክር ወረቀቱን በወርቃማ ፍሬም ሳሎን ከሰቀለው በኋላ ነው። ከስሜ ጎን ዓይኑን የሚጠቅስ ብሩሽ ተስሏል።

ሰባት ዓመት ሙሉ ተሳቀቅኩ። የእህቴ ሰርግ ላይ የሙሽራው አክስት ስሜን ጠይቃኝ ስነግራት «ውይ፣ እኛም ቤት አለሽ እኮ!» አለችኝ።

ስለዚህ ወረቀቱ 2025 ላይ እንደሚያበቃ እያየሁ ዝም አልኩ። ቀኑ በፈረንጅ ነው። ሙሀመድሁሴን ግን በእኛ አቆጣጠር አንብቦት፣ ገና 2017 ላይ ሆነን «ስምንት ዓመት ማንም አይነካንም!» እያለ ይኩራራል። የካቲት ላይ ጊዜው አለፈ። በቅጣት የሚታደስበት ስድስት ወር ብቻ ቀረ፤ እሱም ካለፈ ከብሩሹ መገላገሌ ነው።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ጎረቤታችን ጋሼ ወልደገብርኤል መጡ። የአይጥ መርዝ እያሸጉ ይሸጣሉ።

«በድሪያ፣ ቅር እንዳይልሽ። ምልክታችሁ አልታደሰም፣ ቀነ ገደቡም ነገ ያልቃል አሉኝ ምዝገባ ቢሮ። ካልፈለጋችሁት ለመርዜ ላስመዘግበው ነው። የታወቀ ስም ለምን ሜዳ ላይ ይቀራል?»

«ለአይጥ መርዝ?»

«አዎ! ‹በድሪያ፦ አንዴ የቀመሳት አይመለስም!› እንዴት አየሽው?»

ደሜ ፈላ። ስሜ ቢያንስ እስከዛሬ የሰው ቤት ሲያጸዳ ነው የኖረው። ገዳይ ልሆን ነው እንዴ?

በማግስቱ ጠዋት ሙሀመድሁሴንን ከነፍሬሙ ጎትቼ ባቡር ላይ ወጣሁ።

«ገና ስምንት ዓመት አለን እኮ!» ይለኛል፣ ፍሬሙን እንደ ልጅ ታቅፎ።

«በፈረንጅ ነው አልኩህ!»

«መቼ አወቅሽ?»

«የሰቀልከው ቀን።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ስሜ እንዲመለስልኝ ነዋ!»

ሳሪስ ስንደርስ ፍሬሙን በእጅጌው ወለወለ። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ «እኔ እኮ በየቤቱ እንድትታወቂ ብዬ ነው» አለ። አሳዘነኝ። አናደደኝም።

የምዝገባ ቢሮው በሰው ጢም ብሏል። ቅጹን ሞላን፣ ቅጣቱን ከፈልን፣ ተቀምጠን ጠበቅን። ከምሳ በኋላ አንዲት ሠራተኛ ወረቀት ይዛ ብቅ አለችና በረጅሙ ተጣራች።

«የሽንት ቤት ብሩሽ፣ በድሪያ!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሙሀመድሁሴን ሊነሳ ሲል ትከሻውን ይዤ አስቀመጥኩት።

«አቤት!» አልኩ ብድግ ብዬ፣ ከሳቁ በላይ ጮኬ። «እኔ ነኝ!»