ወረቀቱ ላይ የሌለ ሕመም

ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ሹፌር ከጠዋት ጀምሮ አሥራ ስምንት ጊዜ ታመመ። ሥራው ነው። የሕክምና ተማሪዎች ሲፈተኑ አልጋ ላይ ይተኛና፣ በተሰጠው ወረቀት መሠረት ሆዱን ያመዋል። ተማሪዎቹ «ጋሽ ሆዴ» ይሉታል። ሚስቱ ደግሞ፣ «ውጭ ስትታመም ውለህ ቤት ስትገባ ትድናለህ» እያለች ትስቅበታለች።

ለአንድ ተማሪ ስምንት ደቂቃ ነው። ፈታኟ ሐኪም ጥግ ይዛ ተማሪው ሊያደርግ የሚገባው የተጻፈበት ዝርዝር ላይ ምልክት ታደርጋለች። ተማሪዎቹም ነቅተዋል፤ የልብ ማዳመጫውን ደረቱን ሳያስነኩ «ልቡን አዳምጫለሁ» ብለው ያልፋሉ። ምልክቱ ሳይሠሩ ለተናገሩትም ይሰጣል።

አሥራ ዘጠነኛዋ ቀጭን ልጅ ነበረች። ማዳመጫውን በመዳፏ አሙቃ ደረቱ ላይ አኖረችው። ቆየች። ቦታ ቀየረች። እንደገና ቆየች።

«አባባ፣ ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ ያጥርዎታል?»

ያጥረዋል። ከክረምት ወዲህ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሲደርስ ጎንበስ ብሎ ጫማውን የሚያስር መስሎ ትንፋሹን ይሰበስባል። ወረቀቱ ላይ ግን የለም፤ ከወረቀቱ የወጣ ደግሞ ከሥራው ይወጣል።

«እኔን የሚያመኝ ሆዴን ነው፣ የኔ ልጅ።»

«ሆድዎንማ ነገሩኝ። ይህን ልብዎን የሰማው ሰው አለ?»

ፈታኟን በጎን አየ። ቀና አላለችም።

«ያጥረኛል» አለ ቀስ ብሎ።

ደወሉ ጮኸ። ሆዱን ገና አልነካችውም ነበር።

«ወደቅኩ» አለች ልጅቷ ለራሷ። በሩ ጋ ደርሳ ዞረች። «አባባ፣ ዛሬ ነገ ሳይሉ ይታዩ። እሺ?»

ፈታኟ ተነስታ ራሷ አዳመጠችው።

«እውነቷን ነው ጋሼ። ከልብዎ በሮች አንዱ በደንብ አይዘጋም።» ወደ ልብ ሐኪም ሪፈር ጻፈችለት።

«ልጅቷስ?»

«ዝርዝሩ ላይ ለዚህ ነጥብ የለም። ትደግማለች።»

«አሥራ ስምንቱስ?»

«አልፈዋል።» ዓይኗን አሸች። «እኛ በሽተኛ አጠገብ እያደርን ነበር የተማርነው። እነዚህ በአሻንጉሊትና በስክሪን ተምረው መጡ። ምን ላድርጋቸው?»

ሸሚዙን ቆልፎ ተመልሶ ተኛ።

ሃያኛው ገባ። ፈጠን ፈጠን ብሎ ሆዱን ነካካና፣ «ልቡን አዳምጫለሁ» አለ።

«መቼ?» አለ ጋሽ ሆዴ።

ተማሪው ወደ ፈታኟ ዞረ። እሷ ግን እስክሪብቶዋን አስቀምጣ የተማሪውን መልስ ትጠብቅ ነበር።