ሦስተኛው ንብርብር

“አሁንም ጨምሪ” አሉ መምህሩ ከኋላዋ ቆመው።

ተማሪዋ ቮልቴጁን ጨመረች። ስክሪኑ ላይ የኤሌክትሪኩ ፍሰት እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄዶ ጸጥ አለ። የኤሌክትሪክ መስኩ ሲበረታ በግራፊኑ፣ በዚያ እጅግ ስስ የካርቦን ንጣፍ ውስጥ፣ የኤሌክትሮኖቹ መንገድ ተዘጋ ማለት ነው።

“አየሽ? ሦስት ንብርብር ግራፊን በመስክ አይዘጋም ሲሉን ኖሩ፤ ይኸው ተዘጋ። ከሰዓት ለባልደረቦቼ እነግራቸዋለሁ።” ደስታው የዕድሜያቸውን ግማሽ ቀነሰላቸው።

እሷ ግን ቆጠራውን ተጠራጠረች። በመስክ የሚዘጋው ሁለት ንብርብር ነው፤ ይህ ድሮ የታወቀ ነገር ነው። የሚፈተነውን የግራፊን ስባሪ ከግራፋይት ላይ በስኮች ማጣበቂያ ልጠው ያነሡት፣ በማይክሮስኮፕ አይተው “ሦስት” ያሉትም እሳቸው ናቸው። ግራፊን ንብርብሩ በጨመረ ቁጥር ጠቆር ይላል፤ ሌላው በመሣሪያ የሚለየውን እሳቸው በዓይናቸው ይለዩታል። ተማሪዎቻቸው “ቆጣሪው” ይሏቸዋል። ተሳስተው ስለማያውቁ፣ የእሳቸውን ቆጠራ በመሣሪያ መፈተሽ በዚያ ቤተ ሙከራ እንደ ነውር ይታይ ነበር።

እሳቸው ወደ ቢሯቸው ሲሄዱ ያንን ነውር ሠራችው። ስባሪው ላይ ከተገጠሙት ሽቦዎች ውጭ የተረፈውን ጠርዝ ንብርብር በሚለየው የሌዘር መሣሪያ ፈተሸች። ሁለት ነው። ደግማ ፈተሸች። ያው ሁለት። ሰሞኑን ኮሪደር ላይ ሰላም ስትላቸው ድምጿን እስኪለዩ ድረስ ግር ብሏቸው ነበር፤ ኮሩብኝ ብላ ተቀይማቸዋለች። አሁን በራሷ አፈረች፤ አዘነችላቸውም።

ዝም ብትል ከሰዓት በሰው ፊት ይዋረዳሉ። ቢሯቸው ገባች።

“ጋሼ፣ ስባሪው ሁለት ንብርብር ነው። በሌዘር አየሁት።”

መምህሩ ብዕራቸውን አስቀመጡ።

“የማይክሮስኮፑ አምፖል ይሆናል” አለች ቶሎ ብላ፤ “አርጅቶ ያጨልማል መሰለኝ። ማንም ቢያየው ሦስት ይለዋል።”

“አምፖሉ አዲስ ነው፣ ልጄ። እኔው ነኝ ያስቀየርኩት።” መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። “ሲጨልምብኝ እኔም አምፖሉ ነው ብዬ ነበር።”

“ታዲያ ለምን አልነገሩንም?”

“ነግሬያችሁ እዚህ ምን ልሠራ?”

እሳቸው የከሰዓቱን ስብሰባ በስልክ ሰረዙ፤ ምክንያት ሲጠየቁ “አሞኛል” ብለው ዘጉት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “ለጥቂት ጊዜ ብቻ፣ አንቺ እያየሽ ቀስ ብለሽ ንገሪኝ፤ የምናገረው እኔ ልሁን። ለማንም እንዳትተነፍሺ” አሏት።

እምቢ ልትላቸው አንጀቷ አልቻለም። ወደ ማይክሮስኮፑ ክፍል አብረው ሄዱ። ጎንበስ ብላ አዲሱን ስባሪ አየችና በጆሯቸው፣ “ሦስት” አለቻቸው።

ያን ጊዜ ከተማሪዎቻቸው አንዱ በሩን ከፍቶ ብቅ አለ።

“ጋሼ፣ አዲሱ ስባሪስ ስንት ነው?”

እሷ ቀና ሳትል “ሦስት” እስኪሉ ጠበቀቻቸው።

“እሷን ጠይቃት” አሉ። “እኔ ማየት አቅቶኛል።”