የበሩ ሲጢጥታ

የእህቴ ልጅ ፊልም ሠሪ ናት፤ ያውም ግራ የሚያጋባ ፊልም። ጓደኛዋ ቤቷ ውስጥ ስታምጥ አሥራ አንድ ደቂቃ ሙሉ የቀረጸችው የተዘጋውን የመኝታ ቤት በር ብቻ ነው። ምጡ ከውስጥ ይሰማል፣ ተመልካች በር ላይ ያፈጣል።

"ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት ፊልም ነው?" አልኳት።

"ሙከራ ነው አጎቴ። አንተ ዝም ብለህ ድምፁን አጽዳልኝ።"

ሕፃኗ ሞታ እንደተወለደች ነግራኛለች። አዋላጇም ቤተሰቡም ያሉት ይህንኑ ነው። እናትየው ብቻ "አልቅሳለች፣ በጆሮዬ ሰምቻታለሁ" ትላለች። "ምጡ ነው ያቃዠሽ" ይሏታል።

ትናንት ከሰዓት በኋላ እናትየው የምሠራበት ክፍል ድረስ መጣች። ወንበር ሰጠኋት፣ አልተቀመጠችም።

"ጋሼ፣ እስኪ ያሰሙኝ።"

ከፈትኩላት። ትንፋሽ፣ የአዋላጇ "በርቺ፣ በርቺ"፣ ከዚያ ዝምታ። ዝምታው ላይ ስንደርስ እጇን አነሳች።

"እዚህ ጋ ነበረች።"

"እዚህ ጋ የነበረው የበር ማጠፊያ ነው፣ ልጄ። ሲጢጥ ሲል ጊዜ አጠፋሁት።" ጥርት አድርጌ ማጥፋቴን ልነግራት ሁሉ ዳድቶኝ ነበር።

ምስሉን አየች። "በሩ መቼ ተከፈተ?"

ክው አልኩ። በሩ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ንቅንቅ አላለም። ሠላሳ ዓመት በጆሮዬ የኖርኩ ሰውዬ፣ ሞታ ተወለደች ስላሉኝ የልጅ ድምፅ አልጠበቅኩም።

ዋናው ቅጂ የለም። የእህቴ ልጅ የካሜራዋን ካርድ ለሌላ ሥራ ስትፈልገው አጥፍታዋለች፤ እኔም ያጸዳሁትን በነበረው ላይ ነው ያስቀመጥኩት። ኮምፒውተሬ ውስጥ ግን ለሥራ ያከማቸሁት ብዙ የሕፃን ለቅሶ አለ። አንዱን ከፍቼ "ይኸው አገኘኋት" ብላት ማን ያውቅብኛል? እጄ ሄዶ ተመለሰ።

"አልቅሳለች" አልኳት። "እኔም ሰምቻታለሁ። ድምፅዋን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።"

ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን ያን ጊዜ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

"እስኪ እንዴት እንዳለቀሰች በአፍዎ ያድርጉልኝ።"

ስድሳ ሦስት ዓመቴ ነው፣ ድምፄን ሲጋራ ጨርሶታል። ጉሮሮዬን ጠራርጌ፣ ከንፈሬን አጥብቤ እንደምንም አወጣሁት። አፈርኩ።

ዓይኗን ጨፍና ስትሰማ ቆይታ "ከዚህ ትንሽ ይቀጥናል" አለች።

እንደገና ሞከርኩ። እንባ ተናነቀኝና ድምፄ ቀጠነ።

"አዎ" አለች፣ "እሷ ናት።"