ሀቢብ ዝቅ ያደረገው ቁጥር

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ፤ እኔ ደግሞ መመንጠር አልወድም። ሰው ሲያቅፈኝ እንኳ ኪሴን እዳስሳለሁ። ሀቢብን ግን እወደው ነበር፤ ለዚህ ነው ስጠረጥረው የባሰ የተናደድኩት።

እዚህ ዓረብ አገር፣ መንሱራ የሚባል ሰፈር ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተን የሐበሻ ሠርግ ቪዲዮ እናቀናብር ነበር። ኸይሪያ የምትባል ሙሽራ ሠርግ ይዘን ሳለ ድምፁ አስቸገረን፤ ምርቃቱም ዘፈኑም መሀል ላይ ይንጣጣል። ሠርጉን ያላዩት እናቷ አገር ቤት ሆነው እየጠበቁ ነው። ሀቢብ አሮጌውን ኮምፒውተር አስነስቶ ወደ ውስጠኛው ማስተካከያ ገባና አንድ ቁጥር ዝቅ አደረገ።

«ካርዶቹ በአንድ መስመር ነው የሚላላኩት» አለኝ። «የምስሉ ካርድ መስመሩን ይዞ አለቅም ሲል የድምፁ ካርድ ተራው ያልፈዋል። ይቺ ቁጥር ናት ምን ያህል ይዞ እንደሚቆይ የምትወስነው። ኸላስ፣ አለቀ፤ አሁን ቶሎ ይለቃል።»

እውነትም ድምፁ ጠራ፤ ኮምፒውተሩም ቀልጠፍ አለ።

በማግስቱ ጠዋት ቀድሜ ገብቼ ስከፍተው እንደገና ተንጣጣ። ቁጥሩ ወደ ድሮው ተመልሷል። የበሩ ቁልፍ ያለው ደግሞ እኔና ሀቢብ ጋ ብቻ ነው። በስልክ «ባዲዓ ሰፈር ያለው ስቱዲዮ» ሲል ሰምቼዋለሁ። ነገሩ ወለል ብሎ ታየኝ፤ ሥራውን እኔ እጅ ላይ አበላሽቶ ደንበኛ ይዞ ሊሄድ ነው። ቁጥሩን ራሴ ዝቅ አድርጌ፣ ሲመጣ ስለ ቁጥሩ ሳልጠይቀው ሻይ ሰጥቼ ፊቱን አየሁት። ምንም የለበትም። ይህም አስጠረጠረኝ።

በሚቀጥለው ጠዋትም ያው። በር ላይ ጠብቄ ቁልፉን ጠየቅኩት።

«ምን አጠፋሁ፣ ወንድሜ?»

«አንተ ታውቀዋለህ።»

ቦርሳውን ሳይቀር ፈተሽኩት። ቻርጀርና ምሳው ብቻ ነበር። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ሄደ።

በነጋታው ሁለቱም ቁልፎች ኪሴ ውስጥ እያሉ ቁጥሩ ተመልሶ አገኘሁት። አላፈርኩም፣ ደወልኩለትና ሁሉንም ነገርኩት።

ጨርሶ ከሰማኝ በኋላ «ቁጥሩ ያለበት ገጽ ላይ ዓመቱ ስንት ይላል?» አለኝ።

«ሁለት ሺህ ዘጠኝ።»

«ማታ ስትወጣ ዲቫይደሩን ከግድግዳ ትነቅላለህ?»

«እነቅላለሁ፤ እሳት እፈራለሁ።»

«የኮምፒውተሩ ቦርድ ባትሪ አልቋል ማለት ነው። መብራት ሲቋረጥበት ያዘዝከውን ሁሉ፣ ዓመቱን ሳይቀር ይረሳል። ሳንቲም የምታክል ባትሪ ናት፣ የትኛውም ባቃላ፣ ሱቅ ውስጥ ታገኛታለህ።»

«ሀቢብ፣ በቃ ና። ቁልፍህን ውሰድ።»

«የባዲዓው ስቱዲዮ ሰዎች እኛ ጋ ሥራ ሲሉኝ ወር ሙሉ እምቢ ስላቸው ነበር፤ ካንተ ጋር መሥራት ደስ ይለኝ ስለነበር። ትናንት እሺ አልኳቸው» አለ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። «በመጀመሪያው ቀን ብትጠይቀኝ ኖሮ እኮ ወዲያው እነግርህ ነበር።»

ባትሪዋን ገዝቼ ቀየርኩ። የኸይሪያ ሠርግ ድምፁ ጥርት ብሎ አለቀ፤ ብቻዬን ቁጭ ብዬ እስከ መጨረሻው ሰማሁት። አለቀስኩ ብል ማን ያምነኛል።