ከመዝገቡ ያልወጣ ሰው

መዝገቡ ይዋሻል። ቺግሳ ውሸቱን ካወቀች ዘጠኝ ቀን ሆኗታል፤ አላረመችውም።

በዩኒቨርሲቲው የኮምፒውተር ማዕከል ዋና ሥራዋ ይኸው ነበር፤ ማን መቼ ዩኒክስ ወደሚባለው፣ ብዙ ሰው በአንዴ ወደሚሠራበት ትልቅ ማሽን እንደገባና መቼ እንደወጣ የሚጻፍበትን መዝገብ በየጠዋቱ ማየት፣ የተዛባውን ማቅናት። ሰው ሲገባ ማሽኑ ራሱ ይጽፋል። በወጉ ተሰናብቶ ሲወጣም ይጽፋል። የስልክ መስመሩ በመሀል ከተበጠሰ ግን አንዳንዴ መውጫው ሳይጻፍ ይቀራል፤ ሰውየው ቤቱ ተኝቶ በመዝገብ ግን እንዳለ ይቆጠራል።

በናካሴ ደሴት የመሬት መንቀጥቀጥ መከታተያ ጣቢያ የሚሠራው ሺንጎ ኡራቤ ከዚያ በስልክ ደውሎ ማሽኑ ውስጥ ከገባ አስራ አንድ ቀኑ ነው። በዚያው ምሽት ማዕበል የደሴቱን ስልክ እንደቆረጠው ከሁለት ቀን በኋላ በሬዲዮ ተነገረ። ሰው አልተጎዳም፤ ስልክ ግን የለም። እንግዲያው ሺንጎ ማሽኑ ውስጥ ሊኖር አይችልም።

ያም ሆኖ ጠዋት ጠዋት ዝርዝሩን ስታወጣ ስሙን ከተማሪዎቹ ስም መሀል ታገኘዋለች። እጇ ለማረም ወደ ቁልፎቹ ይሄድና ይመለሳል።

አብራት የምትሠራው ታዙኮ ሁለት ልጆች ያሳደገች፣ አፏ የማያርፍ ሴት ናት። ከኋላዋ ቆማ የሩዝ ድቡልቡሏን እየገመጠች ስክሪኑን አየች።

«አስራ አንድ ቀን ሳይበላ ሳይተኛ የሚቀመጥ ወንድ!» አለች። «አግቢው እንጂ ምን ትጠብቂያለሽ፤ ቀለብ አይጠይቅሽ፣ ካልሲ አታጥቢለት።»

ቺግሳ ምሳሽን ማሽኑ ላይ አታራግፊ ብላ ነገሩን አሳለፈችው።

ሺንጎ ወደ ደሴቱ ከመሄዱ በፊት ሁለት ዓመት እላይኛው ፎቅ ላይ ሠርቷል። ምሳ አብረው ይበሉ ነበር፤ ስለ ማሽን ያወራሉ፣ ወይም ዝም ይላሉ። የሄደ ዕለት ደረጃው ላይ ቆሞ፣ ስገባ መኖርሽን አያለሁ አላት። እሺ አለችው። ከዚህ ሌላ የተባባሉት ነገር የለም። ከዚያ ወዲህ ስድስት ወር አለፈ። አመሻሽ ላይ ይገባል፣ አራት ደቂቃ ያህል ይቆያል፣ ይወጣል። አንድ ቀን እንኳ ሰላም አላላትም። ደብዳቤ መላክ ይችል ነበር። እሷም ትችል ነበር። ለሥራው ነው የሚገባው፣ ለእኔ አይደለም ብላ ደመደመችና ኮራች። ኩራቱም አልጠቀማትም፤ አመሻሽ ላይ ዓይኗ ከስክሪኑ አይነሳም ነበር።

ሰኞ ጠዋት አለቃቸው ኦኩሙራ አንድ ወረቀት ይዘው መጡ። ከውጭ የሚደወልባቸው መስመሮች ስላነሱ፣ በዚህ ወር ከአስር ሰዓት በታች ያገለገለ መስመር ተነጥቆ ለሌላ ይሰጣል። የሁሉንም ድምር እስከ ቀትር ይፈልጉታል።

ቺግሳ ቁጥሩን ለማወቅ መደመር አላስፈለጋትም። መዝገቡ እንዳለ ከተላከ ናካሴ ከሁለት መቶ ሃምሳ ሰዓት በላይ አለው፤ መስመሩም ይቀራል። ከታረመ አንድ ሰዓት አይሞላም፤ መስመሩ ይሄዳል፣ የሺንጎም ስም ከዚያ ዝርዝር ላይ ዳግመኛ አይታይም። ዝም ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅባት። በዝምታ ደግሞ ዘጠኝ ቀን ተለማምዳለች።

ቢያንስ እውነተኛውን መውጫ ልወቅ ብላ ሌላውን መዝገብ ከፈተች። በዚያኛው ማሽኑ ተሠርቶ ያለቀውን ትእዛዝ ሁሉ ከነሰዓቱ ያሰፍራል። የማዕበሉ ዕለት ሺንጎ ገብቶ አንድ ትእዛዝ ብቻ ሰጥቷል፤ አሁን ማሽኑ ውስጥ ማን ማን አለ የሚለውን። ከዚያ በኋላ ባዶ ነው። የፊተኛውን ቀን አየች። ያንኑ፣ ሁለት ጊዜ። ወሩን በሙሉ አየች። አስራ ሦስት ምሽት ገብቷል፤ ከማዕበሉ ዕለት በቀር በሁሉም ዝርዝሩን ጠይቆ፣ ትንሽ ቆይቶ፣ ደግሞ ጠይቆ ወጥቷል። ሌላ ምንም አልሠራም። የጣቢያው ልኬት እንደሆነ በቴፕ ተቀድቶ በመርከብ ነው የሚመጣው።

ያን ጊዜ የራሷን ስም ፈለገች። በስድስቱ ወር ውስጥ አንድም ቀን የለም። እሷ፣ ታዙኮና የማታው ተረኛ ሁልጊዜ የሚሠሩት ሩት በሚባለው፣ ሁሉን ማዘዝ በሚችለው የማሽኑ የበላይ ስም ነው፤ በራስ ስም ገብቶ ወጥቶ ጊዜ ማጥፋት ለተማሪ ነው ይላሉ። የሰዉን ሁሉ መግቢያና መውጫ በደቂቃ ስታቀና የከረመችው ቺግሳ ራሷ በመዝገቡ የለችም። ሩት አለ። ከሩት ጀርባ ማን እንደተቀመጠ ደሴት ላይ ያለ ሰው አያውቅም።

ሌላ ሰው እየፈለገም ይሆናል። መዝገቡ ማን እንደጠየቀ እንጂ ማንን እንደፈለገ አይጽፍም።

ወደ መግቢያና መውጫው መዝገብ ተመለሰች። ከዚያ የማዕበሉን ዕለት መውጫ ጻፈችና ዝርዝሩን እንደገና ጠራች። ስሙ የለም። የጠበቀችውን ያህል አላመማትም፤ ግን አመማት።

ኦኩሙራ ወረቀቱን ሲያዩ መነጽራቸውን ከፍ አደረጉ።

«ናካሴ ሃምሳ ሁለት ደቂቃ? ባለፈው ሳየው ብዙ ነበር።»

«የተሳሳተ ነበር። አውቄ ዘጠኝ ቀን ዝም ብያለሁ።»

ለምን ብለው አልጠየቁም። እስከዚያ ስትቀልድ የነበረችው ታዙኮ በድንገት የቴፕ መደርደሪያውን ማስተካከል ጀመረች።

«መስመሩ እንደሚነጠቅ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«እንግዲህ ለጣቢያው ደብዳቤ ይጻፍላቸው፤ ስልኩ ሲጠገን በከንቱ እንዳይደውሉ።»

«እኔ ሄጄ ልንገራቸው። ከሰዓት በኋላ መርከብ አለ። አራት ቀን ፈቃድ ይስጡኝ።»

«አራት ቀን? አንድ ዓረፍተ ነገር ለመናገር?»

«ሁለቱ ቀን መንገድ ነው።»

ኦኩሙራ መዝገቡን ማን ሊያየው ነው አሉ። ታዙኮ ከመደርደሪያው ሳትዞር መለሰችላቸው።

«እኔ አያለሁ፤ ትሂድ ይፍቀዱላት። እዚህ ብትቀመጥም ሥራ የምትሠራ መስሎዎት ነው?»

አለቃው ወረቀቱን አጠፉና፣ ባሕሩ ገና አልረጋም፣ ወፍራም ልብስ ያዢ አሏት።

ቺግሳ ከሩት ወጣች፤ መውጫው መጻፉን እስክታይ ጠበቀች። ማሽኑ ክፍል ውስጥ የሚደረገውን ነጠላ ጫማ አውልቃ የራሷን አጠለቀች። ታዙኮ የተረፋትን አንድ የሩዝ ድቡልቡል በወረቀት ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችላት። ቺግሳ አመሰገነቻት፣ ወጣች፣ ማሽኑን የሚያቀዘቅዘው አየር እንዳያመልጥ ከባዱን በር በሁለት እጇ ስባ ዘጋችው።