የበረዶው ወራት በአንድ ፋይል

የእኛ ሐይቅ ሲረጋ ይዘፍናል። በረዶው እየጠነከረ ሲሄድ ከዳር እስከ ዳር የሚሮጥ ረጅም ድምፅ ያወጣል፤ ከዚያ ዝም ይላል፤ ትንሽ ቆይቶ ከወዲያ ማዶ አንድ ነገር ይመልስለታል። ሰባ ስድስት ዓመት ሰምቼው አልጠገብኩትም። መስማቱን ያስተማረችኝ በስምንት ዓመት የምትበልጠኝ እህቴ ሂልካ ናት። በሆዳችን ተኝተን፣ ጆሯችንን በረዶው ላይ ለጥፈን፣ እናታችን በስማችን እየጠራች እስክትቆጣ ድረስ እንቆይ ነበር። የቀኝ ጆሮዬ እስከ ዛሬ ብርድ አይወድም።

ሂልካ አሁን ኢሳልሚ ከተማ፣ የአረጋውያን ማረፊያ ውስጥ ናት። ዓይኗ ከጠፋ ሁለት ዓመት ሆነው፤ ልቧም ደክሟል። ባለፈው ጥቅምት ልጠይቃት ስሄድ ሐኪሟ ኮሪደር ላይ ይዞኝ፣ የዘንድሮው በረዶ የመጨረሻዋ ሊሆን እንደሚችል ነገረኝ። እሷም ሳይነገራት አውቃዋለች።

«ሱሎ፣ አንድ ነገር ላስቸግርህ» አለችኝ። «ሐይቁን አሰማኝ። ከመርጋቱ ጀምረህ እስኪሄድ። ሙሉውን፤ እንዳትቆርጠው።»

«አልቆርጠውም እትዬ።»

«ማል።»

«ማልኩ።»

ዕድሜዬን የጨረስኩት ስልክ ጣቢያ ውስጥ ስለሆነ ሽቦ አያስፈራኝም። በረዶው ሰው መሸከም እንደ ጀመረ፣ ኅዳር ላይ፣ ከዳር አርባ እርምጃ ያህል ገባ ብዬ ቀዳዳ ቦርቡሬ ውሃ የማይገባው ማይክሮፎን ሰደድኩ። ገመዱ እየተሳበ ሳውናው፣ ማለት የእንፋሎት መታጠቢያ ቤቴ፣ ልብስ ማውለቂያ ክፍል ድረስ ይገባል። እዚያ ከአግዳሚው ሥር ራሴ የገጣጠምኩት ሰርቨር፣ ቀረጻውን የሚያከማች ኮምፒውተር፣ አለ። አሠራሩ ቀላል ነው። አዲስ የመጣ ነገር ሁሉ መጀመሪያ የሚያርፈው ፈጣኗ ዲስክ ላይ ነው፤ ካሽ ይሏታል። በቀን አንዴ አንድ ፕሮግራም ይነሳና እሷ ላይ ያረፈውን ወደ ትልልቆቹ ዘገምተኛ ዲስኮች ያሻግራል፤ እሷም ባዶ ሆና ለነገ ትዘጋጃለች። ደጅ ላይ የተራገፈ እንጨት ወደ ማገዶ ቤት እንደሚገባ ማለት ነው። ፕሮግራሙ ግን ክፍት ፋይል አይነካም። እየተጻፈ ያለ ነገር ተጽፎ እስኪዘጋ ድረስ ካረፈበት አይነሳም።

የእኔ ፋይል አንድ ነበር፤ ከኅዳር ጀምሮም አልተዘጋም። ይህን ሳላውቅ የገባሁበት እንዳይመስላችሁ። ቁጭ ብዬ አስልቻለሁ። ፈጣኗ ዲስክ አንድ መቶ ስድሳ ቀን ትይዛለች፤ በረዶው ደግሞ ባለፉት ዐሥር ዓመታት አንድም ጊዜ ከዚያ አልፎ አያውቅም። ሁለት ቀን ይተርፈኛል ብዬ በራሴ ብልጠት ፈገግ ብያለሁ።

ሂልካ በየቀኑ ከዘጠኝ እስከ ዐሥር ሰዓት ታዳምጣለች። የሚቀረጸው ድምፅ በዚያው ቅጽበት በስልክ መስመር ሄዶ ትራሷ አጠገብ ካለች ትንሽ ድምፅ ማጉያ ይወጣል። እኔ በዚያ ሰዓት በርጩማዬን ይዤ በረዶው ላይ እወጣለሁ፤ ከማይክሮፎኑ ትንሽ ፈንጠር ብላ ሌላ ቀዳዳ አለችኝ፤ አሳ አጠምዳለሁ። ሰማዩና መሬቱ አንድ ቀለም ሲሆኑ ዳሩ የት እንደሆነ ይጠፋኛል፤ ተቀምጬ ልሁን ተንሳፍፌ አላውቅም፤ ከእግሬ ሥር ያ ድምፅ ያልፋል። እሑድ እሑድ በስልክ እንነጋገራለን።

«ሰማሽ?»

«ሰማሁ።»

«ደህና ነው?»

«ደህና ነው።»

በእኛ ቤተሰብ ይህ ብዙ ወሬ ነው።

ከዚያ ዘንድሮ በረዶው አልሄድም አለ። ሚያዝያ አጋማሽ ላይ ጸሐይ ወጥታ ጣራው መንጠብጠብ ከጀመረ በኋላ ብርዱ ተመልሶ መጣ፤ አዲስ አመዳይ ጣለ፤ ወፎቹ ግራ ገባቸው። ዲስኳ ዘጠና ሦስት ከመቶ ሞላች፣ ዘጠና አምስት፣ ዘጠና ሰባት። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ከምሳ በኋላ ጋደም ስል አንድ ሕልም ይመላለስብኝ ጀመር፦ የሰርቨሩን ክዳን እከፍታለሁ፣ ከውስጡ አመዳይ ይወጣል፤ ቀስ ብሎ አግዳሚውን ይሸፍናል፣ ምድጃውን ይሸፍናል፣ እኔ ግን አልበርደኝም፤ ብቻ የሂልካን ድምፅ ከሥሩ ፈልጌ አጣዋለሁ።

ጎረቤቴ ቱሊኪ ማክሰኞ ማክሰኞ እኔ ዘንድ ሳውና ትገባለች። ባንክ ቤት የኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ሠላሳ ዓመት የሠራች ሴት ናት፤ ምላሷም አብሯት ጡረታ አልወጣም። ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ስክሪኑን አየችው።

«ስንት ቀን ቀረህ?»

«አምስት።»

«በረዶውስ?»

«ዐሥር። ዐሥራ ሁለትም ሊሆን ይችላል።»

«አንተ ሰውዬ፣ ከሞላ እኮ ቀረጻው ብቻ አይደለም የሚቆመው! ማሽኑ እንዳለ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ለእህትህ የምትልከውም ይቋረጣል። መጀመሪያውኑ ገደብ አታበጅለትም ነበር? ይህን ያህል ባዶ ሲቀር ወደ ትልልቆቹ ጻፍ አይባልም?»

«ገደቡ ለአዲስ ፋይል ነው። የተከፈተው ባለበት ነው የሚያድግ። ትልቅ ዲስክ ብገዛም ያው ነው፤ ሳይዘጋ አይነሳም።»

«እንግዲያው ዝጋዋ! ዘግተህ ሌላ ክፈት። ምን ይጠፋል?»

«ሰባት ሰከንድ። ሞክሬዋለሁ።»

«ሰባት ሰከንድ!» ፎጣዋን አወረደች። «እግዚአብሔር በሰባት ሰከንድ የሚቀየምህ ይመስልሃል?»

«የፈራሁት እግዚአብሔርን አይደለም፤ ሂልካን ነው።»

«ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት አንተ ነህ» ብላ ገብታ እንፋሎቱን ለቀቀችብኝ።

መላ ያገኘሁት በማግስቱ ነው። ፋይሉን የሞላው ዘፈኑ አይደለም። ሐይቁ ቢዘፍን በቀን ስንት ደቂቃ ይዘፍናል? የቀረው ዝምታ ነው፤ ለማሽን ደግሞ ዝምታም ዘፈንም እኩል ቦታ ነው የሚይዙት። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ ዲስክ እንደሚበላ ግን የተናገረ የለም። ስለዚህ መቅጃውን «ድምፅ ስትሰማ ብቻ ጻፍ» አልኩት። ይህ መቁረጥ አይደለም፤ ከምንም ላይ ምንም አይቆረጥም ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ለወትሮው በየቀኑ ጭማሪ የነበረው ቁጥር በዚያ ቀን ፈቀቅም አላለም። ለቱሊኪ እስክነግራት ቸኮልኩ።

ከሰዓት በኋላ እንደ ልማዴ ወጣሁ። ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ ሩብ ሰዓት ያህል ሆኖት ነበር፤ ኪሴ ውስጥ ስልኩ ጮኸ። ሂልካ በማዳመጫዋ ሰዓት ደውላልኝ አታውቅም።

«ሱሎ! አለህ?»

«አለሁ። ምነው?»

ስታለቅስ ሰማሁ። እህቴ ባሏን ስትቀብር እንኳ ሰው ፊት ያላለቀሰች ሴት ናት።

«እትዬ፣ ምን ሆንሽ? ነርስ ልጥራልሽ?»

«ሰጥመህ መሰለኝ» አለች። «ሐይቁ ይዘፍናል፣ አንተ ግን የለህም። በረዶው ሳስቷል፣ ሚያዝያ ነው… ሰጠመ አልኩ።»

«እኔ? እኔን ከየት አመጣሽኝ?»

«ከየት ላመጣህ? በየቀኑ አለህ እኮ! ዘጠኝ ካለፈ አምስት ደቂቃ ላይ ትመጣለህ። በርጩማህ ላይ ስትቀመጥ በረዶው ‹እ› ይላል፣ በጣም ቀስ ብሎ። ሲበርድህ በግራ እግርህ ትመታለህ። አሳ ሲያመልጥህ ታጉረመርማለህ፤ ቃሉ አይለይም እንጂ ስድብ መሆኑ ያስታውቃል። ዛሬ ምን አደረግከው? ዘፈን፣ ከዚያ ጭር፣ ከዚያ ዘፈን።»

«ዝምታውን አወጣሁት» አልኳት። «ዲስኩ ሊሞላ ነበር። ምንም የሌለበትን ነው ያወጣሁት።»

«ምንም የሌለበት! አንተ እኮ ነህ ያለህበት!»

«እኔ ሐይቁን የምትሰሚ መስሎኝ…»

«ሐይቁንማ ሰማንያ ዓመት ሰማሁት፤ በቃኝ።» አፍንጫዋን ተናፈጠች። «የካቲት ላይ ደግሞ ስታለቅስ ነበር።»

«አሳ እያወጣሁ ነበር።»

«አሳ አያስለቅስም ሱሎ።»

እውነቷን ነው። የካቲት ላይ፣ በዚያ ነጭ ቀን፣ ማንም የለም ብዬ ቀዳዳዬ ላይ ጎንበስ ብዬ «ብቻዬን ልትተዪኝ ነው እንግዲህ» ብዬ ነበር። ለአሳዎቹ የነገርኩ መስሎኝ። አምስት ወር ሙሉ እሷ አልጋዋ ላይ፣ እኔ በርጩማዬ ላይ፣ አርባ ኪሎ ሜትር ተራርቀን አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠን ኖረናል፤ ይህን የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። አፈርኩ፣ ደስም አለኝ።

«መሐላውስ?» አልኩ በመጨረሻ። «ፋይሉን ልዝጋው ካልኩ ሰባት ሰከንድ ይጎድላል።»

«ሰባት ሰከንድ? ለዚህ ነው ያንን ሁሉ ዝምታ የወሰድክብኝ? አንተ ደረቅ! ዝጋው። አሁኑኑ ደግሞ ከዚያ በረዶ ላይ ውረድልኝ፤ ዳሩ ላይ ስትደርስ ንገረኝ።»

ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርጌ እየተራመድኩ እስከ ዳር ሄድኩ። በየእርምጃዬ ትቆጥር ነበር።

ፋይሉን ዘጋሁት። በዚያ ሰባት ሰከንድ ሐይቁ ምን እንዳለ የሚያውቅ የለም። ፕሮግራሙ ሲያሻግር ሰዓታት ወሰደበት፤ የዲስኮቹ መብራት ስትጠፋ ስትበራ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ አየኋት፤ በመጨረሻ ፈጣኗ ዲስክ ባዶዋን ቀረች። ዝምታውን ወደ ቦታው መለስኩ። ከዚያ ወዲያ ለየቀኑ አንድ ፋይል ሆነ፤ ዐሥር ሰዓት ላይ ይዘጋል፣ ይሻገራል፤ ገደብም አበጀሁ። ቱሊኪ አየችና «እንዲህ ነዋ ሰው የሚያደርገው» አለች፤ ከእሷ አፍ ይህ ምርቃት ነው።

በረዶው ላይ መውጣት ግን ተከልክያለሁ። ስለዚህ ዘጠኝ ሰዓት ሲቃረብ መኪናዬን አስነስቼ ኢሳልሚ መሄድ ጀመርኩ። ወንበር ስቤ አልጋዋ አጠገብ እቀመጣለሁ፤ ባዶውን ሐይቅ አብረን እንሰማለን። እጇ ብርድ ልብሱ ላይ ይሆናል፣ የእኔም ከላዩ። አንዳንዴ ሁለታችንም እናሸልባለን፤ ማን ቀድሞ እንደ ነቃ አንጠያየቅም።

ግንቦት መግቢያ ላይ፣ አንድ ነፋሻ ቀን፣ ድምፅ ማጉያዋ ተለወጠች። መጀመሪያ አንድ ከባድ ነገር የተጎተተ መሰለ፤ ከዚያ በሺሕ የሚቆጠሩ ቀጫጭን ስንጥር በረዶዎች እርስ በእርሳቸው እየተጋጩ ማቃጨል ጀመሩ፤ ክፍሉ በዚያ ድምፅ ተሞላ። በረዶው እየሄደ ነበር። ጥቅምት ላይ የማልኩላት፣ አንድ መቶ ስድሳ ቀን ዲስክ ስጠብቅ የከረምኩለት ነገር ይሄ ነው።

«እትዬ!» አልኩ፤ ከወንበሬ ተነሳሁ። «ስሚ፣ እየሄደ ነው! ሰማሽ?»

ሂልካ ፊቷን ወደ እኔ መለሰች።

«ሰማሁ» አለች። «ቀንስልኝ።»

«ምን?»

«ቀንሰው እንጂ፤ ትንፋሽህን ሸፈነብኝ።»

ቀነስኩትና ወንበሬን ጠጋ አደረግሁ።